አራትና አራት ስምንት ያልሆኑበት ቀን

አንድ ሰው ነበር፤ ጌም ቤት ያለው ሰው።

ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት ሁኔታው እንዴት እንደነበረ በልኩ ልንገራችሁ፤ ልኩን ካልያዛችሁ ታሪኩን አትይዙትምና። ጌም ቤቱ ሞጣ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። አምስት ኮምፒውተሮች አሉት። አራቱ አሮጌ ናቸው፤ ኳስ ያጫውታሉ፣ ከዚያ በላይ አትጠይቋቸው። አምስተኛው በግድግዳው በኩል ብቻውን ተቀምጧል። ሰፊ ስክሪን አለው፤ መሪና ፔዳልም ተገጥሞለታል። ሆዱ ውስጥ አንድ ግራፊክስ ካርድ አለ። አንድ ብቻ።

ካርድ ስል ምን ማለቴ ነው? እናቶቼ፣ እዚህ ላይ እንዳትጠፉብኝ። በጨዋታው ውስጥ የምታዩትን መንገድ፣ ቤት፣ ዝናብ የሚሥለው ዕቃ ነው። ሠዓሊ በሉት። በአንድ ሰከንድ ብዙ ሥዕል ይሥላል፤ ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲያልፉ ዓይናችን «መኪናው ሄደ» ይላል። ሠዓሊው ግን ለመሣል የሚሥለውን ማወቅ አለበት። እያንዳንዱን ግድግዳ፣ እያንዳንዱን ዛፍ በራሱ ውስጥ መያዝ አለበት። የሚይዝበት ቦታ ሜሞሪ ይባላል። የዚህ ሰው ካርድ የሚይዘው አራት ጊጋ ነበር። አራት። ቁጥሩን ያዙልኝ።

ደንበኞቹስ እነማን ናቸው? የጭነት መኪና ሹፌሮች። ጭነታቸው እስኪራገፍ የሚጠብቁ ሰዎች። ምን ይጫወታሉ? የጭነት መኪና መንዳት! ሌሊቱን ሙሉ ሲነዱ አድረው፣ ከመኪና ወርደው፣ ከፍለው ይነዳሉ። አትሳቁ። እኛስ ከሥራ ወጥተን ስለ ሥራ ሳናወራ የምንውለው መቼ ነው?

አዲስ የመኪና ጨዋታ መጣ። በሜዳው መንገድ ላይ ካርዱ በሰከንድ ሠላሳ አራት ሥዕል ይሥል ነበር፤ ደህና ነው፣ ይነዳል። መኪናው ዝናብ ወደሚዘንብበት ትልቅ ከተማ ሲገባ ግን ሥዕሉ ወደ ሰባት ወረደ። ሰባት! ተንተባተበ። መሪውን ወደ ግራ ታዞራላችሁ፤ ምንም የለም፤ ምንም የለም፤ ከዚያ በድንገት ግድግዳ ውስጥ ናችሁ።

ለምን? ያ ከተማ ከሙሉ ውበቱ ጋር አምስት ጊጋ ተኩል ይፈልጋል። ካርዱ የሚይዘው አራት ነው። የተረፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ቦታ፣ ሩቅና ዘገምተኛ ቦታ ይቀመጣል። ሠዓሊው አንድ ግድግዳ በጎደለው ቁጥር ብሩሹን ጥሎ ወደዚያ ይሮጣል። እስኪመለስ ሥዕሉ ይቆማል።

ሰውየው አሰበ። ምን ብሎ አሰበ? «ሁለተኛ ካርድ እጨምርበታለሁ። አራትና አራት ስምንት።»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? ለመፍረድ አትቸኩሉ። እኛ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስ ሕዝብ ነን። ብር ሲያጥረን እቁብ እንገባለን፤ ጉልበት ሲያጥረን ደቦ እንጠራለን። ማዋጣት እናውቃለን። የሰውየው ሐሳብ የሰነፍ ሐሳብ አልነበረም። የሀገሩ ሐሳብ ነበር። ከሀገሩ ሐሳብ ጋር አብሮ ሄዶ ነው የተሳሳተው።

በዚያው ከተማ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አለ። ባለቤቷ ስለናት የምትባል ሴት ናት። ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ያገለገሉ ዕቃዎችም ትሸጣለች። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ምን ይሸጣል? ቃሉን ይሸጣል። ዕቃውን ገዥው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሻጩን ነው። ስለዚህ ስለናት በምትሸጠው ነገር ሁሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ትለጥፋለች። ስለ ካርዱ የጻፈችው ይህን ነበር፦ «አራት ጊጋ። ሦስት ሰዓት ተፈትኗል።»

ጌም ቤት ያለው ሰው ገባ። ምኒችል ይባላል።

«ለዚያች ለሰፊዋ ማሽን ነው?» አለችው።

«ለእሷው ነው፤ ብቻዋን ሆና ከበዳት። መንታ ላድርግላት ብዬ።»

«ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ይጣመድልሃል። ይፈጥናል።»

ይፈጥናል አለች። ሌላ አላለችም። እርሱም ሌላ አልጠየቀም። ካርዱን ወስዶ ከቀድሞው ጎን ሰካው፤ በማገናኛ አያያዛቸው። ከዚያም ማሽኑን ሳይሞክር — ይህን ልብ በሉ፣ ሳይሞክር — ነጭ ጨርቅ ገዝቶ በቀይ ቀለም አጻፈና በበሩ ላይ ሰቀለ፦ «ስምንት ጊጋ! ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር የሚስተካከለው የለም!»

ሹፌሮቹ መጡ። ስጦታው የሚባል፣ ድምፁ ከጡሩንባ የሚልቅ ሹፌር መሪውን ያዘ። በሜዳው መንገድ ሥዕሉ ስንት ሆነ? ስድሳ አንድ። መኪናው እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ምኒችል ደረቱን ነፋ። መኪናው ዝናብ ወደሚዘንብበት ከተማ ገባ። የስክሪኑ ጥግ ሥዕሉን ይቆጥራል። ስንት አለ?

ስምንት።

መኪናው ቆመ፤ ዘለለ፤ ግድግዳ ውስጥ ገባ።

«ምኔ!» አለ ስጦታው መሪውን ለቆ፤ «ስምንት ብለህ በጨርቅ ያጻፍከው ይህችን ስምንት ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ መናኸሪያው በሙሉ ሰማው። ሰዎች ምኒችልን ሲያገኙት «ስንት ሰዓት ነው?» ይሉታል። እርሱ ሰዓቱን ሳይናገር እነርሱ «ስምንት!» ብለው ያልፋሉ።

ሰው ሲሳቅበት ምን ያደርጋል? ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ጎንበስ ብሎ ነገሩን ያያል፤ ወይ ቀና ብሎ ሰው ይፈልጋል። ምኒችል ሰው ፈለገ። ሩቅም አልሄደም።

«ሸውዳኝ ነው፤» አለ። «የሞተ ካርድ ነው የሸጠችልኝ። ግማሹ ባዶ ነው።»

ይህን በመናኸሪያው አለ። በፀጉር ቤቱ አለ። በእድሩ ስብሰባ ላይ አለ። ቃል ስንት ያህል እንደሚፈጥን ማን ለክቶት ያውቃል? በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ ወደ ስለናት ሱቅ መጣች፤ ላፕቶፗን ለጥገና ትታ ነበር። ላፕቶፑ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «እንዳለ ስጪኝ» አለች። «ነገ ይደርስልሻል እኮ፣ እህቴ።» «እንዳለ ስጪኝ አልኩሽ!» ላፕቶፑን እንደተፈታ፣ ብሎኖቹን በፌስታል ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ ሁለት ቀናት ወደዚያ ሱቅ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። እርሱም ፖስታ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቅ ነበር።

ስለናት ሽማግሌ ላከች። «ካርዱን ይመልስልኝ» ብላ አይደለም። «ስሜን ይመልስልኝ» ብላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው የሚናገሩት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፤ የዜማ መምህር፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ «ነገሩ ገብቶኛል» ብለውም አልዋሹም።

«ልጄ ምኒችል፣ ምን ትፈልጋለህ?»

«ገንዘቤን አልፈልግም፣ የኔታ። ደህና ካርድ ነው የሸጥኩለት ትበልና እዚሁ ደጀ ሰላሙ ላይ ትማል። ከማለች እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

መሪጌታ ወደ እርሷ ዞሩ። «ምን ትያለሽ፣ ልጄ? ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል።»

እስቲ በእርሷ ቦታ ቁሙ። ካርዱ ደህና መሆኑን ታውቃለች። ሦስት ሰዓት ፈትናዋለች። ብትምል በሐሰት አትምልም። በአንድ ቃል ስሟ ይመለሳል፤ ሱቋ ደንበኛ ያገኛል፤ ነርሷ ትመለሳለች። እናንተ ብትሆኑ አትምሉም ነበር? እኛ በሽንኩርት ዋጋ ላይ የምንምል ሰዎች! «በማርያም፣ በዚህ አልገዛሁትም» እያልን ቁርሳችንን የምንጀምር ሰዎች!

ስለናት ምን አለች?

«አልምልም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ከኋላ አንዱ «በቃ፣ አለቀ» አለ። ሌላው «ንጹሕ ብትሆን ምን አስፈራት?» አለ። ምኒችል እጁን ዘርግቶ «ይኸው! እናንተው ስሙ!» አለ። ያቺ ሴት በዚያች ደቂቃ ያላትን ሁሉ አጣች ማለት ይቻላል።

«ለምን፣ ልጄ?» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የሚለካ ነገር አይማልበትም፣ የኔታ» አለች። «ብምል ታምኑኛላችሁ፤ ግን ነገሩን አታዩትም። ነገ ሌላው ደንበኛ ሲመጣ ልምል ነው? ከነገ ወዲያስ? ዓይንና ቁጥር ተሰጥቶኝ ሳለ የእግዚአብሔርን ስም ለካርድ ምስክር አድርጌ አልጠራም። ማሽኑ አለ፤ ካርዶቹ አሉ። አንድ ሰዓት ስጡኝና ይለካ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ከተገኘ ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለእርስዎ አስረክባለሁ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አገላበጡ። «እኔ እስከ ዛሬ ስሸመግል ማሽን ፊት ተቀምጬ አላውቅም» አሉ። «ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት። ሽምግልናው ጌም ቤት ይሁን።»

ማክሰኞ አራት ሰዓት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በጌም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሹፌሮቹ ከበሩ ውጭ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ። ስለናት አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ብሎን መፍቻ ይዛ መጣች። የተለየ ጌጥ የላትም፤ የተለየ ንግግርም አላደረገችም።

«መጀመሪያ የአንተን የቀድሞውን ካርድ ብቻ» አለች። አዲሱን ነቀለች። ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ ዝናብ፣ ያንኑ መንገድ፣ ሦስት ጊዜ አስነዳች። ሰባት። ሰባት። ሰባት። ካርዱ ምን ያህል እንደያዘ በስክሪኑ ጥግ ይነበባል፦ ከአራቱ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ጻፈች።

«አሁን የኔን ብቻ።» ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ ዝናብ፣ ሦስት ጊዜ። ሰባት። ሰባት። ሰባት። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ጻፈች።

«የሞተ ቢሆን ይህን ይሥል ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ስጦታው ከበሩ ላይ «ከሞተስ እንደ አሮጌው ነው የሞተው!» አለ፤ ሳቅ ሆነ።

«አሁን ሁለቱን።» በሜዳው ስድሳ አንድ፤ በከተማው ስምንት። የመጀመሪያው ካርድ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይዟል። ሁለተኛውም ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይዟል።

«ይኸው ስምንት ሊሞላ ነው!» አለ ምኒችል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ሁለቱም ሞልተዋል! ታዲያ አምስት ተኩሉ እንዴት አልገባም?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር። እርሷም አልናቀችውም።

«ሁለቱ ካርዶች ሥራውን የሚከፋፈሉት እንዲህ ነው» አለች። «አንደኛውን ሥዕል ይኼ ይሥላል፤ ሁለተኛውን ያኛው፤ ሦስተኛውን ይኼ፤ አራተኛውን ያኛው። ስለዚህ በሜዳው እጥፍ ሊፈጥን ምንም አልቀረውም። ግን ሁለቱም የሚሥሉት ያንኑ ከተማ ነው። ይኼኛው የከተማውን ሥጋ ቤት ግድግዳ ካላወቀ ተራው ሲደርስ አይሥለውም። ስለዚህ ግድግዳው በዚህም አለ፣ በዚያም አለ። አራት የያዘው ይኼ፣ አራት የያዘው ያኛው፣ አንድ ዓይነት አራት ነው።»

«ይህማ ወሬ ነው» አለ ምኒችል። «ውስጡን ማን አየው?»

«እውነትህን ነው፤ ወሬ ነው። ስለዚህ እንለካው።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «የከተማውን ውበት አንድ ደረጃ ዝቅ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ ከተማው በጠቅላላ የሚፈልገው ሦስት ነጥብ ስድስት ነው። ካርዶቹ ከተማውን እኩል የሚካፈሉ ከሆነ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ነጥብ ስምንት ታነባላችሁ። ያኔ ምኒችል እውነተኛ ነው፤ እኔም ሱቄን እዘጋለሁ። እያንዳንዳቸው ሙሉውን የሚይዙ ከሆነ ግን በሁለቱም ላይ ሦስት ነጥብ ስድስት ታነባላችሁ። የኔታ፣ እርስዎ ያንብቡልን።»

አያችሁ? ውጤቱ ከመታየቱ በፊት የምትሸነፍበትን ቁጥር ራሷ ተናገረች። ከእኛ መካከል ይህን የሚያደርግ ማን ነው?

ጨዋታው ተጀመረ። መኪናው ከተማው ውስጥ ገባ። መሪጌታ ኅሩይ መነጽራቸውን አስተካክለው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ።

«የመጀመሪያው…» አሉ፤ «ሦስት… ነጥብ… ስድስት።»

ስለናት ጻፈች።

«ሁለተኛው… ሦስት… ነጥብ… ስድስት።»

ከዚያም መሪጌታ ቀና ብለው ጉልበታቸውን መቱ። «ቀኝና ግራ ነው!» አሉ። «እናንተ ልጆች፣ ይኼማ የኛው ማኅሌት ነው! በበዓል ቀን ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል፤ አንዱን ቀኙ፣ አንዱን ግራው። እኔ በተማሪነቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቀኝና ግራ እንቆም ነበር። ልፋት ቢበዛብን ዜማውን ተካፈልነው። የቀኙን እርሱ አጠና፣ የግራውን እኔ። ግማሽ ግማሽ ይዘን ሙሉ ነን አልን! መምህራችን የኔታ ነቅተውብን ኖሯል፤ በበዓሉ ዕለት ‹ቦታ ተለዋወጡ› አሉን። ሕዝቡ ፊት አፋችንን ከፍተን ቀረን። እስከ ዛሬ የማላፍርበት ቀን የለም። ሁለት ግማሽ መሪጌታ አንድ ሙሉ መሪጌታ አይሆንም፤ ሁለት ዝምታ ነው የሚሆነው።»

ስጦታው ግን ስክሪኑን ነበር የሚያየው። «ቆይ እንጂ፣ ቁጥሩን እዩት!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ፣ ስምንት በነበረበት ቦታ፣ በሰከንድ ሃምሳ ስድስት ሥዕል ይሣል ነበር። መኪናው ሳይንተባተብ ሄደ። ውበቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ቢልም ማንም አላስተዋለውም። ከአራቱ የሚያልፍ ነገር ስላልተጫነበት፣ አራቱ በቃ።

ምኒችል ተነሣ። ሁላችንም የምንፈራት ያቺ ደቂቃ መጣች፤ ብዙ ሰው ፊት «እኔ ነኝ» የምትባልባት ደቂቃ። አንድ ነገር እመሰክርለታለሁ፤ አልሸሻትም።

«ስለናት፣ አጥፍቻለሁ» አለ። «ካርዱ ደህና ነው። ስሌቱ ነው የኔ የተበላሸው።»

እርሷስ ምን አለች? ድሉ የእርሷ ነው፤ ያሻትን ብትል ማን ይከለክላታል? «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «‹ለምን ፈለግኸው?› ብዬ አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ኖሮ ጨርቁን አታጽፍም ነበር። ካርዱን ለካሁ፤ ገዥውን አልለካሁም።»

ሽማግሌዎቹ ካሣ ሊቆርጡ ጀመሩ። እርሷ ካሣ አልተቀበለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በተናገረበት ቦታ ሁሉ ሄዶ እንዲናገር። መናኸሪያው፣ ፀጉር ቤቱ፣ እድሩ፣ ነርሷ። ምኒችል ሄደ። በአራት ቀን ሁሉንም አዳረሰ። ጨርቁን ደግሞ ራሱ አወረደና በሌላ ጨርቅ ላይ አዲስ አጻፈ፤ ምን ብሎ? «አራት ጊጋ፣ ሁለት ካርድ። ግቡና ለኩት።» ሹፌሮቹ በዚህ ሊስቁ መጥተው መሪውን ያዙና መሳቁን ረሱት።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

በበራችሁ ላይ ስንት ብላችሁ ጽፋችኋል?

«እናቴ ትጾማለች» የምትል ወንድሜ፣ የእናትህን አራት በአንተ አራት ላይ ጨምረህ ስምንት ብለሃል። «ባለቤቴ ለሁለታችንም ትጸልያለች» የምትል አባት፣ የእርሷን በአንተ ላይ ደርበሃል። «ሰንበት ትምህርት ቤታችን ጠንካራ ነው» የምትዪ እህቴ፣ የመቶ ሰው መዝሙር ቆጥረሽ የአንቺን ረስተሻል። በሜዳው መንገድ ልዩነቱ አይታይም። አይደለም፣ በሜዳው እንዲያውም እንፈጥናለን! እጥፍ ልንፈጥን ምንም አይቀረንም! ጨርቅ አጽፈን እንሰቅላለን።

ዝናቡ የሚዘንብበት ከተማ ግን አለ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ የሚገባበት ክፍል አለ። አለቃህ «እዚህች ላይ ፈርምልኝና እንካፈላለን» የሚልበት ወንበር አለ። ልጅሽ በሩን ዘግቶ የማይመልስልሽ ቀን አለ። በዚያ ቀን ተራው የአንተ ነው። በዚያ ሥዕል ላይ እናትህ ብሩሹን አትይዝልህም። ትዕግሥቱ በአንተ ውስጥ አለ ወይ? እውነቱ በአንቺ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ ሩቅ ቦታ ሮጠን ልናመጣ ነው፤ እስክንመለስ ግድግዳ ውስጥ ነን።

ተጠንቀቁ፤ ያላልኩትን እንዳትወስዱ። ሁለተኛው ካርድ ከንቱ ነው አላልኩም። ሠላሳ አራት የነበረው ስድሳ አንድ ሆኗል፤ ይህ ትንሽ ነገር ነው? ማኅበር ያስፈልገናል፤ ቀኝ ያለ ግራ ማኅሌት አይቆምም። ሥራ ይከፋፈላል፤ ሸክም ይከፋፈላል፤ ልቅሶም ይከፋፈላል። ልብ ግን አይዋጣም። እያንዳንዳችን ሙሉውን ዜማ ይዘን ስንቆም ነው አንዱ ሲደክም ሌላው የሚቀበለው።

ደግሞም በአራታችሁ አትፈሩ። «እኔ ትንሽ ነኝ፣ የምይዘው ጥቂት ነው» ብላችሁ አንገት አትድፉ። ያቺ ማሽን በስምንት ስሟ ተሳቀባት፤ በአራት ልኳ ተከበረች። ትዕቢተኛ ሰው ያልያዘውን ይቆጥራል። የያዘውን ቆጥሮ ቀና የሚል ሰው ግን ትዕቢተኛ አይደለም፤ እኔ በእንደዚህ ዓይነት ሰው እኮራለሁ። ዛሬ በዚህ አውደ ምሕረት ላይ ቆሜ በስለናት እኮራለሁ። ስሟ ጭቃ ላይ ወድቆ ሳለ አንዲት መሐላ ይበቃት ነበር፤ እርሷ ግን «ይለካ» አለች። በምኒችልም እኮራለሁ፤ ሰው ፊት የሰቀለውን ሰው ፊት አውርዷልና።

እናንተስ? ነገ ጠዋት ሱቃችሁን ስትከፍቱ፣ ቢሯችሁ ስትገቡ፣ ሰው «ማሉልኝ» የሚላችሁ ለምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ቃላችን ሲለካ ጎድሎ ስለተገኘ አይደለም ወይ መሐላ የምንጨምርበት? ወረቀት ለጥፉ። የምትይዙትን ልክ ጻፉ። የማትይዙትንም ጻፉ። ገዥው «ለምን ፈለግኸው?» ተብሎ ይጠየቅ። «ግቡና ለኩኝ» በሉ።

ነርሷ በሳምንቱ ተመለሰች፤ ላፕቶፑን ከነፌስታሉ አምጥታ። ባለፈው ዓርብ ወደዚያች ጠባብ ሱቅ ሄጄ ስለናትን ጠየቅኋት። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ከእርሷ የገዛው ሰው ስድሳ ሦስት ደርሷል። ስድሳ ሦስቱም ወረቀቱን አንብበዋል፤ አርባ አንዱ እዚያው ፊታቸው አስለክተዋል፤ «ማዪልኝ» ያላት አንድም የለም።